ከወንዙ ማዶ የታጨው ማሳ

እስቲ ቀረብ በሉ። ቦታ ያጣችሁም ተጠጋጉና ተቀመጡ፤ በሩ ጋ የቆማችሁ እናቶች፣ ግቡ። የምነግራችሁ ረጅም አይደለም።

አንድ ሰው ነበረ። ወታደር ነበረ፤ የሮም ወታደር። ጉልምስናውን ሁሉ በዳኑብ ወንዝ ዳር ዘብ ሲቆም ኖረና ጢሙ ሲሸብት በቃህ፣ ዕረፍ ተባለ። በዚያ ዘመን ከውትድርና የተሰናበተ ሰው መሬት ይሰጠው ነበር። የምሳሌ ሰው ነውና ጤርጥዮስ እንበለው።

መሬት የሚያድለው ሹም ጠርቶ ሁለት ነገር አቀረበለት። ከወንዙ ወዲህ ጠበብ ያለ፣ ጠጠር የበዛበት መሬት አለ፤ ዛሬውኑ ውሰድ። አለዚያም ታገሥ። ቄሣር ከወንዙ ማዶ ያለውን የነገዶቹን አገር ጠቅልሎ የሮም ግዛት ሊያደርገው ነው፤ ያን ጊዜ የታገሠ ሰው ሰፊ ጥቁር አፈር ያገኛል።

ሚስቱ ፕሪማ ጠጠሩን እንውሰድ አለችው። እኛ አገር ብትሆን "ላም አለኝ በሰማይ" ትለው ነበር። እሷም በራሷ ቋንቋ ከዚያ አላነሰችም። "ማዶ ያሉት ሰዎች መሬታቸውን ለቀው የት ሊገቡ ነው? ወንዙ ውስጥ ሊያርሱ ነው?" አለችው።

እሱ ግን ማዶውን መረጠ። ጠጠሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አሁን ስሙኝ። ማዶ ቪስማር የሚባል ገበሬ ነበረ። በገበያ ቀን መሻገር ይፈቀድ ስለነበር ጤርጥዮስ ጨው ይዞ ይሄዳል፤ ቪስማር ማርና ቆዳ ያወጣል። ሲገበያዩ ተዋወቁ፤ ተወዳጁም። ቪስማር ቤቱ እየወሰደ የገብስ ገንፎ ያበላዋል። የዚያ አገር ሰው እንግዳውን ሳያበላ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

ከቤቱ በላይ ሰፊ መስክ ነበረ፤ ሣር የዋጠው፣ ማረሻ ያልነካው። ጤርጥዮስ ሲያየው ባለቤት የለውም አለ። ተሳስቷል። እነዚያ ሰዎች አንዱን ማሳ ጥቂት ጊዜ ያርሱና አፈሩ ይረፍ ብለው ጦም ያሳድሩታል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ያረፈውን ለየቤቱ ያድላሉ። አርሶ አደር የሆናችሁ ይህ አይጠፋችሁም። ሮማዊው ግን ያልታረሰ ሁሉ የማንም አይደለም ብሎ ነው የሚያውቀው።

እናም በየገበያው ቀን፣ ገንፎውን በልቶ ሲወጣ፣ በመስኩ ዳር ዳር ድንጋይ እየለቀመ ይከምር ጀመር። ለምን? ቀያሾቹ ሲመጡ ይህ የኔ ነው ሊል። ወሰን መትከሉ ነው።

ቪስማር አየው። ምን ያሰበ ይመስላችኋል? ሌባ አለው? ወራሪ አለው? አላለም። ለገንፎው ብድር ሊመልስ ማሳውን ከድንጋይ የሚያጸዳለት መሰለው። ወንድሙን ጠራና ሦስቱም ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ዋሉ። ወንድምየው፣ የሮማዊ ወገብ ለድንጋይ መታጠፉን ዛሬ አየሁ እያለ ይቀልድ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ልጆቼ። ሰው ቤቱ የሚነጠቅበትን ወሰን በገዛ እጁ ሲክብ፣ ያውም እየሳቀ።

ጤርጥዮስስ ምን አለ? ዝም አለ።

በዚያው ክረምት ቄሣር ሞተ። በእግሩ የተተካው ማዶው ይቅር አለ፤ በሌላ በኩል መሻገር ጀምሮ የነበረው ሠራዊትም ተመለሰ። ጤርጥዮስ ሹሙ ዘንድ ሄደ። የጠጠሩ መሬትስ? ተሰጥቷል። ሌላስ? የለም። ፕሪማ አልተቆጣችም። ዕቃቸውን በሰው ጎተራ ጥግ አስቀምጣ እዚያው መኝታ አነጠፈች። ከቁጣ የባሰ ነው ይህ።

ወሬው ማዶ ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ ቪስማር ራሱ ፈልጎ አገኘው። ሽማግሌዎቹን አነጋግሬልሃለሁ፤ ያጸዳነው ማሳ ዘንድሮ መታረሻው ነው፤ ከእኔ እኩል ዝራ፣ ሚስትህንም አምጣት አለው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሰውዬው ግን አልቻለም። ድንጋዩን የከመርኩት ላንተ አልነበረም አለው። ለማን እንደነበረ፣ መሬቱ ሲያዝ ቪስማርና ልጆቹ ምን ይሆኑ እንደነበረ፣ ሁሉንም ነገረው።

 ቪስማር፣ "ይህን በሆድህ ይዘህ ገንፎዬ እንዴት ወረደልህ?" አለው።

"ይወርድልኝ ነበር" አለ ጤርጥዮስ። "የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

ያን ቀን ቪስማር ወደ ቤቱ አልወሰደውም። አላባረረውምም። ክምሩን ሁሉ ወንዝ ድረስ ተሸክመህ ስትጨርስ ና፤ ስለ ዘሩ ያን ጊዜ እንነጋገራለን አለው። ጤርጥዮስ ተሸከመ። ፕሪማም ተሻግራ አብራው ተሸከመች። ዘሩ ዘግይቶ ተዘራ፤ አዝመራው ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም ሁለት ቤት በላው።

እንግዲህ ቄሣርን ተዉት፤ ቄሣር ሞቷል። እኔ የምጠይቀው እናንተን ነው። አባት ገና እየተነፈሰ ቤቱን በልባችሁ የተካፈላችሁ የላችሁም? የሥራ ባልደረባችሁ ሻይ እየጋበዛችሁ ወንበሩን በዓይናችሁ የለካችሁ? ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ጥግ፣ ባሏ የሞተባት ናት፣ ማን ይናገርላታል ብላችሁ ያጫችሁ? እጃችን አልነካም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የጤርጥዮስም እጅ ከድንጋይ በቀር የነካው የለም።

አልቆጣችሁም፤ ሰው ናችሁ። ግን ያሰባችሁት ክፉ ሳይሆን የቀረው እናንተ ስለተዋችሁት ነው፣ ወይስ ቄሣር ስለሞተ? እግዚአብሔር ሠራዊቱ እስኪሻገር አይጠብቅም፤ ልብ ሲሻገር ያያል። ደግሞም ለሚናገር ሰው ገና ጊዜ ይሰጣል። ጤርጥዮስ የተረፈው በመናገሩ ነው፤ ቀላል ግን አልነበረም።

በሉ እንግዲህ፣ ወደየቤታችሁ በሰላም ግቡ። ነገ አንድ ሰው "ግባ፣ ብላ" ሲላችሁ ከመቁረሳችሁ በፊት ቀና በሉና ፊቱን እዩት። ይህችን ብቻ፣ ልጆቼ፣ አደራ፣ አትርሱብኝ።