ሦስት ቦታ የምትሮጠው ሽኮኮ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ልጆቻቸውን ትምህርት በሚልኩበት ዘመን፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ እመት ሽኮኮ የምትባል እናት ትኖር ነበር። ባሏን ንስር ወስዶባታል። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ትልቁ ገላነው፣ መካከለኛዋ አስካል፣ ትንሿ ማንጠግቦሽ።

ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የኔታ ኤሊ ዘንድ ፊደል ይቆጥራሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ ትምህርት ነበራቸው። ገላነው ወንዝ ወርዶ ከዳክዬ ዋና ይማራል። አስካል ገደል ወጥታ ከጦጣ ዝላይ ትማራለች። ማንጠግቦሽ ሾላው ሥር ተቀምጣ ከወፍ ዘፈን ትማራለች። «አባት የላቸውም ተብሎ ልጆቼ ከማንም አያንሱም» ብላ ያስገባቻቸው እናታቸው ናት።

ችግሩ፣ ሦስቱም ትምህርት የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዳክዬም «በቃ» ትላለች፣ ጦጣም «በቃ» ትላለች፣ ወፍም «በቃ» ትላለች። እመት ሽኮኮ አንድ ናት። እግሯም አጭር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ገደሉ ጋ ሄደች፣ ሾላው ጋ ሄደች፣ ወንዙ ጋ ዘገየች። ገላነው ጸጉሩ ሳይደርቅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አገኘችው። ያን ቀን ፀሐይን ለመነቻት።

«እመት ፀሐይ፣ ልጆቼን እስክሰበስብ ትንሽ ቆይልኝ።»

«አንቺን የሚጠብቁሽ ሦስት ናቸው» አለች ፀሐይ። «እኔን ከተራራው ማዶ ስንት እንደሚጠብቁኝ ታውቂያለሽ?» ይህን ብላ ጠለቀች።

በሁለተኛው ቀን ወንዙ ጋ ሄደች፣ ሾላው ጋ ሄደች፣ ገደሉ ጋ ዘገየች። አስካል ፊቷን አዙራ ጠበቀቻት። «የሁሉም እናት መጣች» አለች፤ ወደ ቤትም ቀድማት ሄደች። ያን ቀን ሽኮኮ መንገዱን ለመነችው።

«አንተ መንገድ፣ እባክህ ትንሽ እጠርልኝ።»

«እኔ የረገጡኝ እንዳስተኙኝ ነው የምተኛው» አለ መንገዱ። «ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ጃርትም ስታለከልክ ታልፍብኛለች፣ ጥንቸልም ስታለከልክ ታልፍብኛለች። እርስ በርስ ግን ሰላምታ እንኳ አትለዋወጡም።»

«ጉዴን ጃርት እንድታውቅብኝ ነው?» አለች ሽኮኮ።

በሦስተኛው ቀን ገና ከቤቷ ስትወጣ ቀበሮ መንገድ ላይ ቆሞ አገኛት።

«እመት ሽኮኮ፣ ምነው እንዲህ ይደክማሉ? እኔ በሾላው በኩል አልፋለሁ። ትንሿን ይዣት ልምጣ?»

ሽኮኮ ቆመች። ቀበሮ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ግን በጣም ደክሟት ነበር።

«እስቲ ይሁን» አለችው። «ብቻ እጇን አጥብቀህ ያዝ።»

«አጥብቄ ነው እንጂ!» አለ ቀበሮ።

ያን ቀን ገደሉ ጋ በሰዓቱ ደረሰች። አስካል ሮጣ አቀፈቻት። ወንዙ ጋም ሲደርሱ ገላነው ገና ከውሃው እየወጣ ነበር።

«ዛሬ እንዴት ቀናሽ?» አለቻት ዳክዬ።

«ትንሿን አያ ቀበሮ እያመጣልኝ ነው።»

ዳክዬ ክንፏን ሰበሰበች። «አንቺ ሴት! እኔንም አምና ‹እንቁላልሽን ልጠብቅልሽ› ብሎኝ እሺ ብዬው ነበር። ስመለስ ያገኘሁት ቅርፊቱን ነው።»

ሽኮኮ ወደ ሾላው ዞረች። «ሩጡ!» አለች ልጆቿን፣ እሷም ሮጠች። ወንዙ ዳር የጃርት ልጅ ድንጋይ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እናቱ አልመጣችለትም። ሽኮኮ አልፋው አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሦስተኛው እምቢ አላት። ተመልሳ «ና፣ ከእኛ ጋር ሩጥ» አለችው።

በዚያው ሰዓት ቀበሮ ማንጠግቦሽን «እናትሽ ልካኝ ነው» ብሎ ከሾላው ሥር ወስዷት፣ ቁልቁል ወደ ጫካው ይመራት ነበር። ጃርት ልጇን ልታመጣ ወደ ወንዙ ስትሮጥ አየቻቸው።

«አያ ቀበሮ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የእመት ሽኮኮ ናት። ራሷ አምጣልኝ ብላኝ ነው።»

«የሽኮኮ ቤት ሽቅብ አይደል?»

«አቋራጭ ይዤ ነው።»

«እጇን ለምን እንዲህ አጠበቅከው?»

«እናቷ አጥብቀህ ያዝ ብላኛለች።»

ጃርት ፀሐይን አየች። ልጇ እየጠበቃት ነው፤ ከቆመች ትዘገያለች። ማንጠግቦሽን አየች። ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ታያታለች። ጃርት እሾኋን አቆመች።

«ልቀቃት።»

ቀበሮ ዘሏት ሊያልፍ ሞከረ። አፍንጫው ላይ ሦስት እሾህ ተተከለበት። ልጅቷን ለቆ እየጮኸ ጫካ ገባ።

ሁለቱ እናቶች መንገዱ መሃል ተገናኙ። ሽኮኮ የጃርትን ልጅ ይዛለች፣ ጃርት የሽኮኮን ልጅ ይዛለች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ሽኮኮ። «ማንም አልቀማኝም። ደክሞኝ ሰጠሁት።»

«እኔም ስንት ቀን ልጄን ሲያለቅስ አገኘሁት» አለች ጃርት። «አንቺ በዚያው በኩል እንደምታልፊ እያወቅሁ፣ ልጠይቅሽ አፈርኩ።»

በማግስቱ ጥንቸልን ጨምረው ሦስት ሆኑ። ጃርት ሾላው ጋ ቆመች፣ ጥንቸል ገደሉ ጋ ቆመች፣ ሽኮኮ ወንዙ ጋ ቆመች። እያንዳንዷ እዚያ ያገኘችውን ልጅ ሁሉ፣ የራሷንም የሰውንም፣ ሰብስባ ታመጣለች። ማንጠግቦሽ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ እጇን ማንም እንዲይዛት አልፈለገችም፤ ከጃርት ኋላ ኋላ ብቻዋን ትሄድ ነበር። ሽኮኮም ይህን ባየች ቁጥር የዘረጋችውን እጇን ትሰበስባለች።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያሰማ።

አንዲት እናት ሦስት ቦታ ሮጣ በጊዜ አትደርስም፤ ሦስት እናቶች ግን ሦስት ቦታ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎረቤቱን ያፈረ፣ አደራውን ለቀበሮ ይሰጣል።