ቄስ ያማረጠው ነጋዴ

ሃሃሃሃ! ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስና! ዋናው ነገር ኋላ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ሳቁም ያቆማል።

አንድ ነጋዴ ነበር አሉ፤ አቶ ጥሩነህ የሚባል። ሰው የሚጠየፍ! ዝክር ሲጠራ የራሱን ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ሰው ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ጨርቅ ያነጥፋል። እጅ ከጨበጠማ በቃ፣ ውሃ አምጡልኝ ነው። እኔ ቤቱ ብሄድ ከብቶቹ ጋር ነበር የሚያስቀምጠኝ!

ይህ ሰው በጠና ታመመ። ሐኪሞቹ ሚስቱን ወይዘሮ አስካለን "ወደ ቤት ውሰጂው" አሏት። እሱም ገባው። ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ደግሞ ሆዱን ይበላው ነበር፤ በሐሰት መስክሮ፣ ባሏ የሞተባትን እህቱን ከአባታቸው ቤት አስወጥቷታል። ይህን ሳይናዘዝ፣ ቤቱንም ሳይመልስላት፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሳይባል መሞትን ፈራ። ቄስ ይጠራልኝ አለ።

የነፍስ አባቱ መምሬ ስንታየሁ ናቸው። መምሬ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠላ ያለበትን ቤት አያልፉም። አንድ ጊዜ ሞቅ ብሏቸው ሠርግ ላይ ይባርኩ ቢባሉ የሙት ፍታት ጀመሩ አሉ፤ ሃሃ! ሙሽራዋ ራሷን ልትስት!

መምሬ ሲገቡ አቶ ጥሩነህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"እኔን የሚፈቱኝ እርስዎ ነዎት? ይውጡልኝ! ጠላ ጠላ በሚል አፍ ተፈትቼ አልሞትም።"

"ዛሬስ አልቀመስኩም፣ ልጄ።"

"ነገ ይቀምሷላ!"

መምሬ ወጡ።

"ገዳም ያሉት ባሕታዊ ይምጡልኝ" አለ ነጋዴው። "ጥሬ ቆርጥመው የሚያድሩ ንጹሕ ሰው ናቸው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ገዳሙ ሩቅ ነው! ነፍስህ እስኪመጡ ትጠብቃለች?" አለች ወይዘሮ አስካለ።

"ትጠብቃለች።"

በቅሎ ተላከ። ድምፁ እየሰለለ፣ እግሩ እየቀዘቀዘ ጠበቀ። በመጨረሻ ባሕታዊው ደረሱ። አቶ ጥሩነህ ዓይኑ በራ፤ "አባቴ፣ ልናዘዝ... ይፍቱኝ" አለ በሹክሹክታ።

ባሕታዊው ደነገጡ። "ልጄ፣ እኔ እኮ መነኩሴ ነኝ እንጂ ክህነት የለኝም። ታሟል ቢሉኝ ልጸልይልህ መጣሁ። መፍታት የቄስ ነው። እኔ ራሴ የምናዘዘው ለመምሬ ስንታየሁ ነው። ቶሎ ጥሯቸው!"

አያችሁ? ቆብ ያደረገ ሁሉ ቄስ ይመስለናል።

መምሬ ጥምጥማቸው ትከሻቸው ላይ ተፈትቶ እየሮጡ መጡ። ግቢው ውስጥ ሳሉ ለቅሶው ተነሣ። እህቱም ሰምታ መጣች፤ ደረቷን እየደቃች አለቀሰችለት። ከዚያ የሰው ጓሮ ወዳለች ጎጆዋ ተመለሰች። ቤቱን ሊመልስላት እንደ ነበር የነገራት የለም፤ የሚያውቀው ሞቷል።

የመምሬን ስካር አላመሰግንም፤ እሳቸውም ይጠየቁበታል። ግን እግዚአብሔር ስንት መላእክት እያሉት ጸጋውን በሚወድቅ ሰው እጅ አኖረ። የመንግሥተ ሰማያትን መክፈቻ የሰጠው ኋላ ለሚክደው ለጴጥሮስ አይደለም እንዴ? እኛ የሚያቀብለውን እጅ እናይና ስጦታውን እንመልሳለን። እናንተስ በሰው ነውር አመካኝታችሁ የእሱን ስጦታ ስንቴ መለሳችሁ?

መምሬ ግንባራቸውን ይዘው ከሬሳው ራስጌ ቆሙ። እንዲህም አሉት፦

"ልጄ፣ እኔን መጠየፍህ እውነትህን ነው፤ እኔም ራሴን እጠየፈዋለሁ። ይዤልህ የመጣሁት ግን የእኔ አልነበረም።"