ከሳጥን አልወጣ ያለው ሐይቅ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ኋላ እንዳታማርሩ!

የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ነገር ብቻ አማራት፤ ከባሏ ጋር ፎቶ መነሳት። ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የተነሱት ፎቶ ግን አንድም የለም። ባሏ አናጢው ደምለው "ፎቶ ለለቅሶ ነው፤ እኔ ገና አልሞትኩም!" እያለ ሲሸሽ ኖሮ፣ ዛሬ እንደ ምንም ጎትታ ጋሽ እንግዳወርቅ ፎቶ ቤት አስገባችው።

"በሐይቁ ነው የምንነሳው!" አለች። ሐይቁ ማለት ከኋላ የሚሰቀለው ትልቁ የተቀባ ሸራ ነው፤ ሁለት ዳክዬዎች ይዋኙበታል።

"ቶሎ ካልሆነ እሄዳለሁ" አለ ደምለው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ሳጥኑን ከፈቱ። ሸራው ግን "አልዘረጋም!" አለ። "ሰው ሸራን ቧንቧ ላይ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። እኚህ ሰውዬ ቧንቧዬን ለጎረቤት አውሰው እኔን እንደ አሮጌ ሱሪ አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ወተፉኝ። ሐይቄ ተጨማደደ፤ የዳክዬዬ አንገት ተቆለመመ። ቧንቧዬ ካልመጣ ንቅንቅ አልልም!"

ጋሽ እንግዳወርቅ አፍረው አቀረቀሩ። የሻረግ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ጎረቤት ግቢ ሮጠች።

"ቧንቧ ሆይ፣ ና! ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"አልመጣም" አለ ቧንቧው። "የልብስ ማስጫ አድርገውኛል። ይኸው እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክሜያለሁ፤ ጭቃ ላይ ብጥለው አንቺ ነሽ የምታጥቢው?"

"ብርድ ልብስ ሆይ፣ ድረቅ! ቧንቧ አልመጣ አለ፣ ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"አልደርቅም" አለ ብርድ ልብሱ። "ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠባጠብ ፀሐይ አንዴ እንኳ ብቅ ብላ አላየችኝም። ለሷ ንገሪያት!"

የሻረግ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። "ፀሐይዬ፣ ውጪ እንጂ! ብርድ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ቧንቧ አልመጣ አለ፣ ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"አልወጣም" አለች ፀሐይ፣ ከደመናው ኋላ እያዛጋች። "ነፋስ ደመናውን ካልጠረገልኝ በየት በኩል ልውጣ?"

ነፋስ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ አኩርፎ ተቀምጧል። "ነፋስ ሆይ፣ ንፈስ! ፀሐይ አልወጣ አለች፣ ብርድ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ቧንቧ አልመጣ አለ፣ ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"አልነፍስም! ድሮ በዕቃ ቤቱ መስኮት እየገባሁ ሸራዎቹን አናፍስ ነበር። ጋሽ እንግዳወርቅ 'አቧራ አመጣህብኝ' ብለው መስኮቱን በምስማር አስመቱብኝ። ይሻግቱላቸዋ!"

የሻረግ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "አንተ መስኮት፣ ተከፈት! ነፋስ አልነፍስ አለ፣ ፀሐይ አልወጣ አለች፣ ብርድ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ቧንቧ አልመጣ አለ፣ ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"እኔማ ደስ ባለኝ!" አለ መስኮቱ። "ምስማሩ ሳይወልቅ ግን አልከፈትም።"

"አንተ ምስማር፣ ውለቅ! መስኮት አልከፈት አለ፣ ነፋስ አልነፍስ አለ፣ ፀሐይ አልወጣ አለች፣ ብርድ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ቧንቧ አልመጣ አለ፣ ሸራ አልዘረጋ አለ፣ ባሌም ሊያመልጠኝ ነው!"

"የመታኝ ሰው ራሱ ካልነቀለኝ አልወልቅም" አለ ምስማሩ ኮራ ብሎ።

"ማነው የመታህ?"

"ባልሽ ነዋ! አናጢው ደምለው!"

ወይ ጉድ! ደምለው በሩ ላይ እንደቆመ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። "እኔማ አልነቅልም! ምስማር ካልወለቀ መስኮት አይከፈትም፣ መስኮት ካልተከፈተ ነፋስ አይነፍስም፣ ነፋስ ካልነፈሰ ፀሐይ አትወጣም፣ ፀሐይ ካልወጣች ብርድ ልብስ አይደርቅም፣ ብርድ ልብስ ካልደረቀ ቧንቧ አይመጣም፣ ቧንቧ ካልመጣ ሸራ አይዘረጋም፣ ሸራ ካልተዘረጋ ፎቶ የለም። ተገላገልኩ! ነይ ወደ ቤታችን!"

የሻረግ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። እንባዋ መጣ።

"ለለቅሶ መሰለህ እንዴ? ማለዳ ወጥተህ ሲመሽ ነው የምትመጣው። የሰው ቤት ስትሠራ ትውላለህ፤ እኔ ባዶ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ትናፍቀኛለህ፣ አንተ ሰውዬ! ላይህ ፈልጌ ነው!"

ደምለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ጉጠቱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ምስማሩ ወለቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ነፋሱ ነፈሰ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ብርድ ልብሱ ደረቀ፣ ቧንቧው መጣ፣ ሸራው ተዘረጋ። የሻረግም የባሏን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ከሐይቁ ፊት ተቀመጠች። ቀጭ! ፎቶ ተነሱ።

"በቃ፣ ጨርሰናል" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

ደምለው ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ኮሌታውን አስተካከለና "ጋሼ፣ ሌላ ሸራ የለዎትም? አውሮፕላን ያለበት?" አለ።

ጋሽ እንግዳወርቅን ላብ አጠመቃቸው። "አለ… አለ እንጂ… ግን እሱንም አጣጥፌ አልጋ ስር…"

"ቀስ ብለው ይፈልጉት፣ ጋሼ" አለች የሻረግ። "እኛ ተቀምጠናል።"