የድልነሳው ቤት ጣት

ወይራ አምባ ላይ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ ከድልነሳው ቤት አንድ ሰው ይጠራና ትንሿን ጣቱን በየጠመንጃው አፈሙዝ ከትቶ ያወጣል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም። እንደሚነገረው ከሆነ ልማዱ የመጣው ከአንዲት የናስ ክዳን ነው።

የጠላት ወረራ ባበቃ በማግስቱ፣ በዚያ አገር ጠመንጃ አዋቂ የሚባሉት ባሻ ድልነሳው ብቻ ነበሩ ይባላል። ያን ጊዜ ከየዋሻውና ከየጎተራው ሥር የተደበቀ መሣሪያ እየወጣ፣ ከመሣሪያው ጋርም ማንም ስሙን የማያውቀው ቁራጭ ብረትና ማሰሪያ እየተገኘ፣ ሰው ሁሉ ኮረጆውን አንግቦ ወደ ባሻ ደጅ ይጎርፍ ነበር። እሳቸውም «ይህ የዘይት ዕቃ ነው፤ ይህ መወልወያ ነው» እያሉ ይለዩለታል። አላውቀውም የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ አዋቂ መባሉ ጥሟቸው ነበር።

አንድ ጧት ዘገየ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ መጣ። አባቱ ሌሊቱን ዐርፈው፣ ሬሳቸው ሲወጣ ሊተኩስላቸው ፈልጎ ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ፣ ክዳኗ በማጠፊያ የምትከፈትና የምትዘጋ የናስ ቆብ ተሰክታለች።

«ባሻ፣ ይቺ ምንድን ናት? ላውጣት?»

ባሻ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ዘመዶቹ ግን ከበው አፍ አፋቸውን ያያሉ። ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «አትንካት። ጥይቱ ሲወጣ ራሱ ከፍቷት ያልፋል» አሉ።

ዘገየ አመስግኖ ሄደ፤ እንደ ተባለውም ተኮሰ። ጠመንጃው ፈንድቶ የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደበት።

ከዚያ ወዲያ ዕርፍ መጨበጥ ስላቃተው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ጠመንጃው አርጅቶ ነው ያለ ሰው ነበር፤ ዘገየ ራሱ ግን «አባቴን በሕይወት ሳለ አስቀይሜው ነበር፤ እግዜር ነው የቀጣኝ» ይል ነበር። ባሻን መንገድ ላይ ሲያገኛቸውም እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ የተወጋው ማን እንደ ወጋው አያውቅም፣ እንቅልፍ ያጣው ወጊው ነው። ባሻ ያቺን ቆብ ባሰቡ ቁጥር፣ «ምናልባት አርጅቶ ይሆናል» እያሉ ራሳቸውን ያባብሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንድ መንገደኛ፣ የድሮ ወታደር፣ ባሻ ቤት አረፈ። ማሳ የገባ ዝንጀሮ ሊያባርር ጠመንጃውን ሲያነሳ፣ አፈሙዙ ላይ ያችው ዓይነት ቆብ አለች። ነቅሎ ኪሱ ከተታት።

«ለምን ነቀልካት?» አሉ ባሻ።

«የዝናብ መከላከያ አይደለች እንዴ! እሷን ሳይነቅሉ መተኮስማ በገዛ እጅ መሞት ነው።»

ባሻ የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ዘገየ እግር ሥር ወደቁ ይላሉ ሽማግሌዎች።

«ልጄ፣ የቀጣህ እግዜር አይደለም። እኔ ነኝ። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ነው።»

እዚያ የነበሩ የአገር ሽማግሌዎች ካሳ ሊቆርጡ ሲሉ ዘገየ በዚያች በጎደለች እጁ አስቆማቸው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቴን መቃብር ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ኖርኩ። ይህን በምን ይክሱኛል? ከዛሬ ወዲያ በዚህ አገር ጠመንጃ ከመጮሁ በፊት የእርስዎ ጣት አፈሙዙ ውስጥ ይግባ፤ ያሁኑን ቃልዎንም ሰው ሁሉ እየሰማ ይድገሙት።»

ይህን ብሎ ድንጋዩን ከአንገታቸው አውርዶላቸው ሄደ። «ምሬያለሁ» ሲል የሰማ ግን የለም።

ባሻ እስኪሞቱ ድረስ የተባሉትን ሲያደርጉ ኖሩ፤ ከእሳቸው በኋላም ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው። ዛሬም የድልነሳው ቤት ሰው ጣቱን ካወጣ በኋላ፣ ሙሽራ ቆማ እየጠበቀች እንኳ ቢሆን፣ «ሳናውቅ እናውቃለን ብለናል፤ ማሩን» ይልና አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ይቆማል። ማንም አይመልስለትም። ከዚያ ይተኮሳል።