የወንድይፍራው የለቅሶ እንጨት

አንድ ቀን ከተማችንን ብርድ ያዛት። ብርድ ስላችሁ ሁልጊዜ የምናውቀውን ማለቴ አይደለም። እኛ መንዞች ከብርድ ጋር አብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ኅዳር ሲገባ አመዳይ ሣሩን ነጭ ቢያደርገው ረግጠነው ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ያን ዓመት የመጣው ግን ሌላ ነበር። ታጥቦ ገመድ ላይ ያደረ ነጠላ ጠዋት ሲያወርዱት እንደ ጣውላ ደርቆ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጀሪካን ውስጥ ያደረውን ውኃ ቢገለብጡት አይወርድም። በጎቹ እንኳ፣ ያን ሁሉ ፀጉር ለብሰው፣ ወደ ማታ በር ሲከፈት ባለቤቱን ገፍተው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ለሰው አይለቁም።

ይህም ባልከፋ ነበር፣ የሚነድ ነገር ቢኖር። የእኛ አገር ማገዶ ኩበት ነው። ሴቶቹ ጥቅምትን ሙሉ ጠፍጥፈው ለፀሐይ ዘርግተውት፣ ገና ሳይደርቅ ያለ ወሩ ዝናብ መጣና ኩበቱን መልሶ እበት አደረገው። ከቆላ እንጨት የሚያመጣው መኪና መንገዱ ተንዶ እዚያው ቀረ። መብራት ጠፍቷል። ስለ መብራት ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

በከተማው ደረቅ እንጨት የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእድራችን ዕቃ ቤት። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የሚቀመጠው እዚያ ሲሆን፣ የኋላው ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ሞልቶበታል። ሰው ሲሞት ንፍሮ እንዲቀቀልበት፣ ለቀስተኛውም እስከ ሠልስት እያነደደ እንዲሞቀው የተቀመጠ ነው። የዚህ ክፍል ቁልፍ በጠፍር ታስሮ በእድሩ ዳኛ በአቶ አጥናፍሰገድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

አቶ አጥናፍሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንብ ይወዳሉ፤ ጥፋታቸው እሱ ነው። የራሳቸው አማት የሞቱ ዕለት እንኳ ጡሩንባ ሳይነፋ አላለቅስም ብለው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ጡሩንባ ነፊው እስኪመጣ ደጅ ቆመው ጠብቀዋል። እንጨቱን ደግሞ ከደንቡም አስበልጠው ይወዱታል። አንዳንድ ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ዕቃ ቤቱን ይከፍቱና ትንሽ አይተውት መልሰው ይቆልፉታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ወንድይፍራው ልምጣ። ወንድይፍራው የታወቀ በርኖስ ሰፊ ነው። ከተማው ሁሉ የእሱን በርኖስ ለብሶ ሲንጎማለል እሱ ክርኑ በተቀደደ ካፖርት ይዞራል። የሚኖረው ከእናቱ ከእማማ ዘርፈሽዋል ጋር ነው። እማማ ዘርፈሽዋል አርጅተዋል፤ ደረታቸውም ይታመማል። ሳላቸው የተነሣ ጊዜ ከሁለት ቤት ወዲያ ያለ ጎረቤት «ይማርዎ» ይላል። የጤና ጣቢያው ሰው ሙቀት እንዳይለያቸው ብሎ አስጠንቅቆ ነው የሄደው። ሙቀቱን ከየት እንደሚያመጡት ግን አልነገራቸውም።

ወንድይፍራው እናቱን በዝተት ጠቀለላቸው፤ በላዩ ባና ደረበ፤ አንዲት የሰባች በግ አምጥቶ እግራቸው ሥር አሰረ። አልበቃም። የአጥሩን እንጨት ነቅሎ አነደደ። አጥሩ ሲያልቅ የማድቤቱን በር ፈለጠው። ከበሩ ቀጥሎ የራሱን አልጋ አነደደና መሬት መተኛት ጀመረ።

«ወንዴ» አሉት እናቱ አንድ ጠዋት ከባናው ውስጥ ብቅ ብለው፣ «ቤቱን ከውጭ ወደ ውስጥ እየበላኸው መጣህ። ነገ የኔ ተራ ነው?»

«ወንበር አለ፣ እማዬ። ከወንበሩ በኋላ ነሽ» አላቸው።

ቀልደኛ ነው ወንድይፍራው። ያን ሰሞን ግን ቀልዱ ከአንገት በላይ ነበር። ብርዱ እናቱን እንዳይወስድበት ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱንም ለጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር። እኔንም ይዞኝ «ሳሉ ድምፁን ለወጠ» ብሎኛል። ምን ልስጠው? የሚነድ ነገር የለኝም፤ የኔም ቤት አጥር አልቋል።

በማግስቱ ወደ አቶ አጥናፍሰገድ ሄደ። ዳኛው በጋቢ ላይ በርኖስ ደርበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀምጠዋል። በርኖሱን የሰፋው እሱ ራሱ ነው። ፀሐይዋ የወጣችው ለስሙ ነው።

«እንጨት ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ዳኛ። ለእናቴ» አላቸው።

አቶ አጥናፍሰገድ ደነገጡ። «አረፉ እንዴ?»

«ኧረ አሉ። በርዷቸው ነው።»

«እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆኑ። እንግዲያው እንጨት የለም።»

«እንጨቱማ ሞልቷል፣ ዳኛ።»

«የሞላው ለሞተ ነው» አሉ፤ እጃቸውም በጋቢው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ቁልፉን ያዘ። «ደንቡን አብረን ነው ያጸደቅነው፣ ወንድይፍራው። እድር ለሞተ ነው እንጂ ለበረደው አይደለም። ለበረደው ሁሉ ካወጣንማ ሰው የሞተ ዕለት ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው።»

«ከሞቱ በኋላ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እሱን ለኛ ተወው። እናትህ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ እግዜር አያድርገውና፣ አስከሬናቸው ሳይገነዝ እንጨቱ ደጅህ ይደርሳል። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ።»

«አይገባኝም» አለ ወንድይፍራው። ቤቱ ሄዶ ወንበሩን ፈለጠ።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ብርድ ነው ብሎ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ይቀጣል። ሁላችንም እስከ አፍንጫችን ተጀቡነን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በዓይኑ ብቻ ስለነበር ስም ሲጠራ አንዱ ላንዱ «አለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ ግን ለማታለልም ሙቀት ያስፈልጋል። ዳኛው የተሰነጠቁ ሳህኖች ጉዳይ አለ ብለው ስለ ሳህን ብዙ ተናገሩ። ስለ ብርዱ የተነፈሰ የለም። ከሁሉም አፍ ግን ነጭ ጉም ይወጣ ነበር።

ሳህኑ ሲያልቅ ወንድይፍራው ተነሣ።

«የደንብ ጥያቄ አለኝ።»

የአቶ አጥናፍሰገድ ፊት በራ። ስንት ዓመት ዳኛ ሲሆኑ የደንብ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ጠይቅ፣ ወንድይፍራው። ጠይቅ።»

«እኔ የእድሩ አባል ነኝ?»

«ነህ እንጂ። ወር ዘለህ አታውቅም።»

«ስሞት እንጨት ይወጣልኛል?»

«ያለ ጥርጥር። እስከ ሠልስት የሚነድ እንጨት ይወጣልሃል።»

«ድርሻዬ ነው በሉኛ።»

«ድርሻህ ነው። እኔ ቁልፉን ይዤ ማንም አይነካብህም።»

«የኔን ለቅሶ እንጨት የሚሞቀው ማነው?»

«ለቀስተኛው ነዋ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ሞተሃል!» አሉ ዳኛው። «የሞተ ሰው ደግሞ ምን ይበርደዋል?»

ከኋላ አንዳንዱ በጋቢው ውስጥ መሳቅ ጀመረ። ወንድይፍራው አልሳቀም። ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ ዳኛውን ትክ ብሎ አያቸው።

«እንግዲያው የማልሞቀውን እንጨት ከምታስቀምጡልኝ ድርሻዬን ዛሬ ስጡኝ። እናቴ ይሙቁት። ስሞት እንጨት እንዳታወጡልኝ፤ ይኸው በጉባኤው ፊት ተናገርኩ።»

አቶ አጥናፍሰገድ ዓይናቸውን ጨፍነው ደንቡን በሐሳባቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት። የሚከለክል ቃል አላገኙም። ድርሻህ ነው ብለውታል፤ በገዛ አፋቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሆኖም እንዲህ በቀላሉ ቁልፍ የሚያወልቁ ሰው አልነበሩም። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቆይ እስቲ። ሞት ያንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ድርሻህን ዛሬ አነደድከው እንበል። ነገ ሞትክ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ በዚህ ውርጭ ድንኳንህ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። እንጨት የለም። ሰዉ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ‹ዳኛ፣ በረደን› ሲለኝ እኔ ምን ልበለው? እስቲ አንተው ንገረኝ፣ ምን ልበለው?»

«ለኔ የሰጡኝን መልስ ይስጧቸው» አለ ወንድይፍራው። «‹እድር ለሞተ ነው እንጂ ለበረደው አይደለም› ይበሏቸው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ከፊተኛው አግዳሚ ብድግ አሉ።

«የኔንም አውጡልኝ» አሉ። «እኔም ስሞት ይብረዳቸው።»

«የኔንም!» አለ ሌላው።

ነገሩ ወደ ድምፅ ሄደ። እጅ ለማውጣት ጋቢ መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ብርድ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሰዉ ሁሉ ከፈተ። አቶ አጥናፍሰገድ የወጣውን እጅ እያዩ በዝግታ፣ ከሥጋቸው የሚቆርጡ ይመስል፣ ጠፍሩን ከአንገታቸው አወለቁ።

ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰልፈን የየሞታችንን እንጨት ተረከብን። መጨረሻ ላይ ያልወሰዱ ዳኛው ብቻ ቀሩ። ወዲያና ወዲህ አዩ።

«እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማወጣው» አሉ። «የኔ ለቅሶ ላይ ብዙ ሰው ይመጣል። ሰውን ማሰብ ያስፈልጋል።»

ግማሽ ይበሉ እንጂ ትልልቁን መርጠው ነው የወሰዱት።

ሊቆልፉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጡሩንባ ሳይነፋ ከዚያ ቤት እንጨት ወጥቶ አያውቅም፤ ደንብ ነው። ጡሩንባ ነፊያችንን ሸዋቀናን ጠሩትና እንዲዞር አዘዙት።

«ምን ብዬ?» አለ ሸዋቀና። «የሞተ የለ።»

«እውነቱን ተናገር። የሞተ ከሌለ የለም በል።»

ሸዋቀና ታዛዥ ሰው ነው። የቀዘቀዘው ናስ ከንፈሩን እየያዘበት ከተማውን ሙሉ ዞረ። «እድርተኛ ሆይ! ወይዘሮ እልፍነሽ አላረፉም! ቀብር የለም! እንጨታቸው ግን ወጥቷል!» እያለ፣ የእድሩን ሰው በሙሉ በየስሙ እየጠራ፣ አለመሞታችንን ሲያውጅ ዋለ። ባሎች የሚስቶቻቸውን ስም ሲሰሙ ከቤት ወጥተው እስከ መጨረሻው አዳምጠው ይመለሱ ነበር።

ወንድይፍራው ቤት እሳቱ ተያይዟል። አጥር ስለሌለ ከመንገድ ይታያል። እኔም እንጨቴን ቤቴ አድርሼ ልጠይቃቸው ጎራ ብዬ ነበር። እማማ ዘርፈሽዋል ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ከባናው ወጥተው ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል፤ ሳሉም ለቀቅ አድርጓቸዋል። በጓ እንኳ ሙቀቱ በዝቶባት ወደ በሩ ሸሽታለች። ወንድይፍራው እናቱን እያየ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ስናየው «ጭሱ ነው» አለን። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ጭስ አልነበረውም።

ይሄኔ ሸዋቀና በደጃፉ ሲያልፍ ጡሩንባው ጮኸ። «እድርተኛ ሆይ! አቶ ወንድይፍራው...» ሲል ነፋሱ የቀረውን ይዞት ሄደ።

እማማ ዘርፈሽዋል ጆሯቸውን ቀና አደረጉ።

«ወንዴ፣ ማነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«መቼ?»

«ገና ነው። እንጨቱ ቀድሞ መጥቶ ነው።»

እማማ ዘርፈሽዋል ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«በል ጨምርበት» አሉት። «በልጄ ለቅሶ ስስት አልወድም።»