ጥሩምባ ነፊው ያላንኳኳው በር

አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ አርሴማ። «እማዬ፣ ወሬ ለማውራት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽኛል። አጎትሽ ምሳ ላይ የተናገረው እንደቆረቆረሽ አውቃለሁ። «ጋዜጠኝነት? ወሬማ የሰፈራችን ሴቶች ሳይማሩ ተክነውበታል። ደግሞ በግል ዩኒቨርሲቲ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ፤ ምግብሽን ግን ተውሽው። ሰኞ ትምህርት ሊጀመር ዛሬ «ልቅር ይሆን?» ትያለሽ። እንግዲህ ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ከተማው ይኮራበታል፤ እሱም በራሱ ይኮራል። ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ግን አያውቅም።

በዚያች ከተማ አንድ አናጢ በጽኑ ታሞ ነበር። ሕመሙ እንቅልፍ ነሥቶት ሲያቃስት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። አንድ ማለዳ አንዲት ጎረቤት ከአናጢው ቤት ስትወጣ ጥሩምባ ነፊው አገኛት።

«ጋሼ እንዴት አደሩ?» አላት።

«ምን እባክህ፣ ስንቱን ስቃይ አይተው ዛሬ ገና አረፉ» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

ሴትዮዋ ሕመሙ ተወት አደረጋቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው ማለቷ ነበር። እሱ ግን በኛ አገር «አረፉ» ሲባል ሰው የሚሰማውን ሰማ። ጥሩምባውን አነሣና ነፋ።

ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። በጩኸቱ አናጢው ነቃና ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተብን?» ሲል ጠየቀ። ቀጥሎም፣ «ቆዩኝ እንጂ፣ ጫማዬን ላድርግና አብሬያችሁ ልሂድ» አለ።

የሳቀው ሳቀ። አናጢው ነገሩ ሲገባው ጥሩምባ ነፊውን አስጠርቶ፣ «ሞቴን ከኔ ቀድመህ ከማን ሰማህ?» አለው። ይህን እየተባባሉ ሳለ እህቱን በቃሬዛ አመጧት። ከማዶ መንደር መርዶውን ሰምታ ስትሮጥ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የባሰው ደግሞ ሰንብቶ መጣ። አንዲት ዘመድ የሌላት ባልቴት ሞተች፤ ጥሩምባው ተነፋ። ሰዉ ግን በየአልጋው ሆኖ፣ «ተኝታ ይሆናላ፣ ትንሽ እንጠብቅ» ተባባለ። ባልቴቷን የቀበሯት ቄሱና ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሣጥኑ በታች አንዱ ትከሻ የጥሩምባ ነፊው የራሱ ነበር። ሰው ሳይሸኘው መቀበር በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ከቀብሩ ሲመለስ ወደ አንድ ሽማግሌ መምህር ሄደ።

«የኔታ፣ ድምፄ አልደከመም። ምን ጎደለኝ?» አላቸው።

«ድምፅህንማ እግዚአብሔር ሰጥቶሃል። ጆሮህን ግን ማንም አላስተማረው። ና፣ ተማር» አሉት።

ተማረ። ያየውን ሰው ከሰማው ሰው መለየት ተማረ። የተነገረውን ቃል መልሶ «ምን ማለትዎ ነው?» ማለትን ተማረ። ጥሩምባውን ወደ አፉ ሳያቀርብ አስቀድሞ ሄዶ በር ማንኳኳትን ተማረ። ከተማው አፌዘበት። «ለመጮኽም ተማሪ ቤት ተገባ! ነገ ደግሞ አውራ ዶሮው ይመዘገባል» አሉት። እሱ ግን መማሩን ቀጠለ።

አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት እንባዋ እየወረደ፣ «የጌሾ ነጋዴዋ ልጅ አለፈች! አለፈች!» እያለች በገበያው ዳር ሮጣ ሄደች። ገበያው ቀጥ አለ። ጌሾ ነጋዴዋ ያለችው ያቺ አንዲት ልጅ ናት፤ እናትየዋ ደግሞ ልቧ በሽተኛ ነው። በገበያው ማዶ ጫፍ ተቀምጣ ገና ምንም አልሰማችም።

«ምን ትጠብቃለህ? ንፋ እንጂ» አሉት። አንዱማ ሊያረዳት ወደ ጌሾ ተራ መራመድ ጀምሮ ነበር።

ጥሩምባ ነፊው እጁን ያዘው። «እስክመለስ ማንም አንዲት ቃል እንዳይነግራት» አለና ወደ ልጅቷ ቤት ሮጠ። ደርሶ አንኳኳ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«አለፍሽ?» አላት። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

«አለፍኩ ጋሼ። ማትሪኩን አለፍኩ።»

ጥሩምባውን ወደ ጀርባው አዞረና እየሮጠ ተመለሰ፤ በባዶ አፉም ጮኸ። «ስሙ! የጌሾ ነጋዴዋ ልጅ ማትሪክ አልፋለች፤ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ!» እናትየዋ ጌሾዋን በትና ተነሣች። የእሷን እልልታ ገበያው ሁሉ ተቀበለላት። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲጣራ አልጋው ላይ የቀረ ሰው የለም።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ጥሩምባው ድምፅሽ ነው፤ እሱ ከልጅነትሽ ጀምሮ አለሽ። ዛሬማ ጥሩምባ በየሰው ኪስ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይነፋል። የምትማሪው ትምህርት ከጥሩምባው እስከ በሩ ያለው መንገድ ነው። አጎትሽ አልተሳሳተም፤ ወሬ ለማውራት ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። አንኳኩተው እስኪያጣሩ ድረስ አፍን ለመያዝ ነው እንጂ። «የግል ነው» ያለሽንም ተይው። ጥሩምባ ነፊው ከየትኛው የኔታ ተማረ ያለ ሰው አልሰማንም፤ የተጠየቀው አንኳኳ ወይስ አላንኳኳም ነው።

እኔማ ካንቺ ብሼ ቸኩያለሁ። ልብስሽን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ሰኞ መጀመሪያ የምታገኚው በር የክፍልሽ በር ነው። በስመ አብ በይና አንኳኪ።