የሁለቱ ነገሥታት ሐይቅ

አንድ ሰፊ ሐይቅ ሁለት አገሮችን ያዋስን ነበር። የምሥራቁ አገር ትልልቅ ጀልባዎችና የሞሉ ጎተራዎች ነበሩት። የምዕራቡ ሕዝብ ደግሞ ከሐይቁ ዓሣ በቀር መተዳደሪያ አልነበረውም። ዓሣው እየተመናመነ ሲሄድ ሁለቱ ነገሥታት በየዓመቱ እየተገናኙ፣ ዓሣ በሚራባበት በክረምት ማንም መረብ እንዳይጥል ይማማሉ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ግን «እኛ ብንተው እነሱ ይወስዱታል» እየተባለ በሁለቱም ዳር መረብ ይጣላል።

በዚህ የተበሳጨው የምሥራቁ ንጉሥ ባሻ ደምመላሽ የተባሉትን አንጋፋ መልእክተኛውን ጠርቶ ወቀሳ አስይዞ ወደ ምዕራቡ ንጉሥ ላካቸው።

የምዕራቡ ንጉሥ ወቀሳውን አዳመጠ። ከዚያም ባሻን ይዟቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ጣት የማያህሉ ዓሦች ታወጣለች። ንጉሡን ስታይ ደንግጣ መረቡን ከኋላዋ ደበቀች።

«አይዞሽ ልጄ» አላት ንጉሡ። ወደ ባሻ ዞሮም «መሐላዬን ያፈረሰችው እሷ ናት። ወኅኒ ላውርዳት?» ሲል ጠየቃቸው።

ባሻ ሕፃኑን አዩ።

አገራቸው ተመልሰው፣ ንጉሣቸው በክረምት ጀልባዎቹን እንዲያቆምና ለምዕራቡ ሕዝብ የክረምት ቀለብ እንዲልክ ለመኑት። መኳንንቱ ተንጫጩ። «የእኛን እህል ለባዕድ?»

«ጃንሆይ፣ ሐይቁን ይበልጥ ያራቆቱት የእኛ ጀልባዎች ናቸው» አሉ ባሻ።

«ብንሰጣቸውና ቢከዱንስ?» አለ ንጉሡ።

«ሊከዱን ይችላሉ። እንዲህ ከቀጠልን ግን ሐይቁ ማለቁ አይቀርም።»

ንጉሡ እያመነታ ፈቀደ። በመጀመሪያው ክረምት አንዳንድ የምዕራብ ሰዎች እህሉንም በሉ፣ መረባቸውንም ጣሉ። መኳንንቱ በባሻ ሳቁባቸው። ንጉሡም እህሉን ሊያቋርጥ ቃጣው። ባሻ ግን እግሩ ላይ ወድቀው «አንድ ክረምት ብቻ ይጨምሩልኝ» አሉት። ጨመረላቸው። በሁለተኛው ክረምት ቀለቡ ሳይቋረጥ መምጣቱን ያዩት የምዕራብ ሰዎች ተደብቆ መረብ የሚጥለውን ራሳቸው ያባርሩ ጀመር። ዓሣውም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ ሲገናኙ ስብሰባው የሚከፈተው በመሐላ አልነበረም። «ዘንድሮ ክረምቱ በእናንተ ዘንድ የሚከብደው ለማን ነው?» ተባብለው ይጠያየቃሉ፤ ስለ መረቡ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አገሮች ስለ ነገዋ ምድር ሲስማሙ፣ የስምምነቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ካልጠየቁ ቃላቸው ከስብሰባው አዳራሽ አያልፍም። የበለጠ የወሰደና የበለጠ ያለው ቀድሞ እጁን ሲዘረጋ፣ የተቸገረውም የነገን ለነገ መተው ይችላል። እኛስ ጎረቤታችንን «ተው» ስንለው፣ ቢተው ምን እንደሚበላ ጠይቀነው እናውቃለን?